ሽፍታው ከየትኛው ኪኒን መጣ? ስለ አባካቪር አለርጂና ስለ ጂን ምርመራ

ከፍልውሃ ብዙ በማይርቀው በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልም ሆነ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ባሉ ጤና ጣቢያዎች፣ ኤችአይቪ በደሙ የተገኘ ትንሽ ልጅ ሕክምና ሲጀምር ከሚታዘዙለት መድኃኒቶች አንዱ አባካቪር ነው። ብዙውን ጊዜ ከላሚቩዲን ጋር በአንድ ኪኒን ተጣምሮ ይመጣል፤ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ መዋጥ ለማይችል ልጅም በማንኪያ ይሰጣል። እናትየው ስለ ሰዓቱና ስለ መጠኑ ይነገራታል። በመጨረሻም «ትኩሳትና ሽፍታ ካየሽ ቀን አትቁጠሪ፣ ወዲያው ይዘሽው ነይ» ትባላለች። ዋሽንግተን ወይም ለንደን የሚኖር ወገናችን ግን ይህንኑ መድኃኒት ሊጀምር ሲል ከማስጠንቀቂያው በፊት ደሙ ተወስዶ አንድ ጂን ይታይለታል። ጂኑ ከተገኘበት መድኃኒቱ ጨርሶ አይሰጠውም። እዚህ ልጁ ያለ ጂን ምርመራ ይጀምራል። ይህን የሰማ ወላጅ «የእኔ ልጅ ደም ምን አነሰው?» ቢል አይፈረድበትም። ድህነት የመልሱ አንድ ክፍል ነው፤ ዋናው ክፍል ግን አይደለም።

መጀመሪያ ጉዳዩ ማንን እንደሚመለከት እንለይ። ዛሬ በአገራችን ሕክምና የሚጀምር አዋቂ በአብዛኛው የሚወስደው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የተጣመሩበትን ኪኒን ነው፤ በፀረ ኤችአይቪ ሕክምና (ኤአርቲ) ክፍሎች ቲኤልዲ ይሉታል። አባካቪር በውስጡ የለም። ስለዚህ ቲኤልዲ የሚወስድ ሰው ስለዚህ ጂን የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። አባካቪር በዋናነት ለልጆች ነው፤ ከአዋቂዎች ደግሞ ኩላሊታቸው ቴኖፎቪርን ለማይችል።

ማንኛውም መድኃኒት ችግር ሲያመጣ «አለርጂ ሆነብኝ» ማለት ልማዳችን ነው። ሐኪሙ ግን ሁለት ነገር ይለያል። የጎንዮሽ ጉዳት የሚባለው፣ ለምሳሌ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ ወይም ራስ ምታት፣ ብዙ ጊዜ ሰውነት ሲለምደው ይቀላል። የአባካቪር አለርጂ ግን እያደር ይብሳል እንጂ አይቀልም። እያንዳንዱ መጠን በተወሰደ ቁጥር ሕመሙ ይጨምራል። ምልክቱም ቆዳ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ከባድ ድካም፣ አንዳንዴም ሳልና የትንፋሽ ማጠር ሁለት ሦስት ሆነው ይመጣሉ። ብዙውን ጊዜ የሚታየው በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ሲሆን ከአሥር ዘጠኙ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ውስጥ ይከሰታል። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ በአሜሪካ በተፈቀደ ጊዜ፣ ቀድሞ በተደረጉት ሙከራዎች ከ100 ወሳጆች 5 ያህሉ ይህ ችግር እንደገጠማቸው ይታወቅ ነበር። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል። የሚገድለው ስህተት ከዚያ በኋላ የሚፈጸመው ነው፦ ሕመሙ ለቀቀ ብሎ መድኃኒቱን እንደገና መጀመር። ያን ጊዜ ሰውነት ሳምንታት አይጠብቅም፤ በሰዓታት ውስጥ የደም ግፊት ሊወርድና ሰውየው ሊሞት ይችላል።

አሁን አንዲት የካዛንቺስ እናት እናስብ። ልጇ መድኃኒቱን ከጀመረ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ሌሊት ሲያቃጥለው አድሮ ጠዋት ፊቱ ላይ ሽፍታ ወጣ። ትኩሳትና የፊት ሽፍታ አብረው ሲታዩ በእኛ ቤት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ምች ነው። ዳማከሴ ተቀጥፎ፣ በእጅ ታሽቶ፣ አፍንጫው ሥር ይደረግለታል፤ ጭማቂውም ግንባሩ ላይ ይቀባል። በሦስተኛው ቀን እናቲቱ ክሊኒክ ትደርሳለች፤ «ሲስተር፣ ልጄን ምች መታብኝ» ትላለች። ልምድ ያላት ነርስ ስለ ዳማከሴው አትቆጣም። «ኪኒኑን ከሰጠሽው በኋላ ይብስበታል?» ብላ ትጠይቃለች። ቀጥላም «ያስመልሰዋል? ሆዱንስ?» ትላለች። ሽፍታው ብቻውን ከሆነ፣ ልጁም እየተጫወተ ከሆነ፣ ጥርጣሬዋ ይላላል። ትኩሳቱ፣ ማስመለሱና ድካሙ ከእያንዳንዱ መጠን በኋላ እየጨመረ ከሆነ ግን ሐኪም ትጠራለች። ይህች የመጠየቅ ሥራ ያለ ላብራቶሪ የምትሠራ ምርመራ ናት፤ እናቲቱ ሦስቱን ቀን በቤት ባታሳልፍ ደግሞ ይበልጥ ትጠቅም ነበር።

ነገሩን የሚያወሳስበው ልጁ ብዙ ጊዜ አባካቪርን ብቻ የማይወስድ መሆኑ ነው። አብሮ ኮትሪሞክሳዞል ይታዘዛል፤ ብዙ ሰው ባክትሪም በሚለው ስሙ ያውቀዋል። ይህ የሰልፋ ዝርያ መድኃኒት ከጥንት ጀምሮ በሽፍታ የታወቀ ነው፤ የሚያወጣውም በዚያው በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መከላከያም ሊጨመርለት ይችላል። በዚያ ላይ ኩፍኝ አለ፣ ወባ ካለበት አገር የተመለሰ ልጅ አለ፣ ተራ ጉንፋን አለ። የቀድሞዎቹ የኤአርቲ ባለሙያዎች ይህን ጣጣ ከኔቪራፒን ያውቁታል። ዘውዲቱ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምናን በ1995 ዓ.ም. አካባቢ መስጠት ከጀመሩት ቀዳሚ ሆስፒታሎች አንዱ ነው፤ ከጥር 1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሕክምናው በአገር ደረጃ በነፃ ሆነ። በእነዚያ ዓመታት የብዙ ሰው ኪኒን ኔቪራፒን ነበረበት፤ ሽፍታ ስለሚያወጣና ጉበት ስለሚጎዳ የመጀመሪያዎቹን 14 ቀናት በቀን አንዴ ብቻ አስወስደው፣ ደህንነቱን አይተው ነበር ወደ ሁለት ጊዜ የሚያሳድጉት።

ጥርጣሬ በተነሳ ቁጥር አባካቪርን ማቆም ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። አንዴ «የአባካቪር አለርጂ» ተብሎ የተጻፈበት ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ወደዚህ መድኃኒት አይመለስም፤ እስቲ እንሞክረው ማለት አይቻልምና። ለልጅ የሚሆን ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ደግሞ እንደ አዋቂው ምርጫው ሰፊ አይደለም። በሐሰት የተከሰሰ መድኃኒት ይግባኝ የለውም። የጂን ምርመራው የተፈለገው አንድም ሞትን ለመከላከል፣ አንድም ይህን የሐሰት ክስ ለመቀነስ ነው።

ጂኑ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ወደ ሕዋሱ ገጽ እንቅረብ። በአብዛኞቹ የሰውነታችን ሕዋሶች ላይ ኤችኤልኤ የሚባሉ ፕሮቲኖች ተደርድረዋል። ሥራቸው ሕዋሱ ውስጥ ከተሠሩት ፕሮቲኖች ትንንሽ ቁራጮችን እያወጡ ለዕይታ ማቅረብ ነው። የጉልት ሻጭ መደቧን ዘርግታ ቲማቲሙን፣ ቃሪያውን፣ ሎሚውን በየቦታው እንደምትደረድር ማለት ነው። ደንብ አስከባሪው ቲ-ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ነው፤ እየዞረ መደቡን ያያል። የለመደውን ዕቃ ካየ ያልፋል፤ የቫይረስ ቁራጭ ተዘርግቶ ካገኘ መደቡን ከነባለቤቱ ያነሳል። የመደቡ ቅርጽ ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከእናትና ከአባት የወረስነው ጂን፣ በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው፣ ነው የሚወስነው። ኤችኤልኤ-ቢ 57:01 የሚባለው ቅርጽ ከሥሩ አንድ ጎድጓዳ ቦታ አለው፤ አባካቪር እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። መድኃኒቱ ከሥር ሲቀመጥ የመደቡ ወለል ይለወጣል፤ ከዚህ ቀደም እዚያ የማይቀመጡ የራስ ፕሮቲን ቁራጮች መቀመጥ ይጀምራሉ። ደንብ አስከባሪው ያያቸው ዕቃዎች የገዛ አካሉ ናቸው፤ ግን አይቷቸው አያውቅም። ስለዚህ በመላ ሰውነት ላይ ዘመቻ ይጀምራል። ትኩሳቱ፣ ሽፍታው፣ ተቅማጡ የዚያ ዘመቻ ውጤት ነው። ይህ አሠራር በቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

የቅርጹ ጉዳይ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ለማየት 57:01ን ከወንድሙ ከ57:03 ጋር ማስተያየት ይበቃል። በአፍሪካውያን ዘንድ ይበልጥ የሚገኘው 57:03 ነው። ሁለቱ የሚለያዩት በሁለት አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ እነዚያ ሁለቱ ግን ያችኑ ጎድጓዳ ቦታ ስለሚለውጧት አባካቪር 57:03 ያለበትን ሰው እንዲህ አያስቆጣውም። ስለዚህ «57 አለበት» ብሎ የሚያቆም ሻካራ ምርመራ ለአፍሪካዊ ታካሚ አይበቃም፤ ከነጥቡ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ናቸው ወሳኞቹ። (የሚገርመው ነገር፣ የ57 ቤተሰብ ያለባቸው ሰዎች ኤችአይቪን ያለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ በመቆጣጠር ይታወቃሉ። ቫይረሱን በደንብ የሚያጋልጠው መደብ ለአንድ መድኃኒት ደግሞ መጥፎ ሆነ።)

ጂኑና አለርጂው መገናኘታቸው የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ከቀዳሚዎቹ አንዱ በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ የነበረው የሲሞን ማላል ቡድን ነበር። ማስረጃው የጠነከረው ግን እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ፕሪዲክት-1 በተባለው ጥናት ነው። ከ19 አገሮች የተውጣጡ 1956 ታካሚዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በቀድሞው ልማድ ያለ ምርመራ ጀመረ፤ የሁለተኛው ወገን ጂን አስቀድሞ ታየና 57:01 የተገኘባቸው መድኃኒቱ ቀረባቸው። አለርጂ ተብሎ የተጠረጠረ ሁሉ ቆዳው ላይ በሚለጠፍ የአባካቪር ምርመራ ተጣራ። ሳይመረመሩ ከጀመሩት በዚህ መልክ የተረጋገጠው 2.7 በመቶ ነበር፤ ከተመረመሩት አንድም የለም። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከአባካቪር በፊት ጂኑ እንዲታይ የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ።

እዚህ ጋ ቀስ ብለን እናንብብ፤ ከዚህ ጥናት ሁለት የተሳሳቱ ድምዳሜዎች በቀላሉ ይወጣሉ። የመጀመሪያው «ጂኑ ያለበት ሁሉ አለርጂ አለበት» የሚለው ነው። በጥናቱ ስሌት ጂኑን ከተሸከሙት ውስጥ መድኃኒቱን ቢወስዱ በርግጥ የሚታመሙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ለመለየት ስለማይቻል ለሁሉም ይከለከላል፤ ክልከላው ጥንቃቄ ነው። ሁለተኛው «ጂኑ የለብኝም፣ ስለዚህ ምንም አይነካኝም» የሚለው ነው። ከተመረመሩትም መካከል 3.4 በመቶው ትኩሳትና ሽፍታ አሳይተው በሐኪም ተጠርጥረው ነበር። ከአባካቪር አልነበረም፤ ሌላ ምክንያት ነበራቸው። ምርመራው ስለ አንድ መድኃኒትና ስለ አንድ ጂን ብቻ ይመሰክራል፤ ስለ ኮትሪሞክሳዞል፣ ስለ ኔቪራፒን ወይም ስለ ዶሉቴግራቪር የሚለው ነገር የለም።

የጥናቱ ተሳታፊዎች አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ። ታዲያ በጥቁሮች ላይስ? በአሜሪካ በተደረገ ሌላ ጥናት የቆዳው ምርመራ ካረጋገጠባቸው መካከል 42ቱ ነጮች፣ 5ቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ ሁሉም 57:01 ነበረባቸው። ያም ማለት ጂኑ በማንም ቆዳ ሥር ቢሆን ሥራው ያው ነው። የሚለየው ብዛቱ ነው። ወደ ጎረቤት እንምጣ። በኡጋንዳ 600 አዋቂዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ አባካቪር፣ ግማሾቹ ኔቪራፒን ተሰጣቸው፤ አለርጂ የተጠረጠረባቸው በአባካቪሩ ወገን 2 በመቶ፣ በኔቪራፒኑ 4.7 በመቶ ነበሩ። በኋላ ከተሳታፊዎቹ የ247ቱ ጂን ሲታይ 57:01 የተገኘበት አንድም ሰው አልነበረም፤ አባካቪር አሳምሟቸዋል የተባሉትም ቢሆኑ። እነዚያ ሰዎች መድኃኒቱን ያጡት በሐሰት ክስ ሳይሆን አይቀርም። በኡጋንዳና በዚምባብዌ ከአንድ ሺህ በላይ ሕፃናት አባካቪር ወስደው አለርጂው የታየው ከ1000 በ3 ያህል ነው።

አሁን ልጆቻችን ለምን ሳይመረመሩ እንደሚጀምሩ ሒሳቡ ራሱ ይነግረናል። ጂኑ ከ100 ሰው በ6ቱ በሚገኝበት አገር 100 ሰው መርምሮ 3 ሰው ከሕመም ማዳን ይቻላል። ከ1000 በአንዱ በሚገኝበት አገር ግን 1000 ልጆች ተመርምረው የሚገኘው አንድ ነው፤ እሱም ላይታመም ይችላል። በዚያ መካከል ውጤት እየተጠበቀ ሕክምናው የዘገየበት ሕፃን አለ፤ ያልታከመ ኤችአይቪ ደግሞ በጨቅላ ላይ እጅግ ፈጣን ነው። የምርመራውን ጥቅም መዝኖ መተው እንግዲህ ቸልተኝነት አይደለም።

ሆኖም ይህ ሒሳብ የሚያዋጣው ብዛቱ በርግጥ ትንሽ ከሆነ ነው፤ «አፍሪካዊ ስለሆነ የለበትም» የሚለው አባባል እዚህ ጋ ይሰነጠቃል። በናይጄሪያ ዮሩባዎች ላይ በተደረገ ናሙና 57:01 አልተገኘም። በኬንያ ሉህያዎች 3.3 በመቶ፣ በዚያው በኬንያ ባሉት ማሳዮች ደግሞ 13.6 በመቶ ሆኖ ተመዘገበ፤ ከአውሮፓውያንም ይበልጣል። ሁለቱ ሕዝቦች የአንድ አገር ዜጎች ናቸው። የምሥራቅ አፍሪካ ሕዝቦች የዘር ሐረግ እንዲህ የተደባለቀ ስለሆነ የካምፓላ ቁጥር ለአዲስ አበባ ዋስ አይሆንም። እኔ ብጠየቅ፣ እያንዳንዱን ልጅ ለመመርመር ከማሰብ በፊት ከተለያዩ የአገራችን አካባቢዎች በተወሰደ በቂ ናሙና የጂኑን ብዛት አንድ ጊዜ አጥርቶ መቁጠር ነው የምመርጠው። አንዴ የተቆጠረ ቁጥር ለዓመታት ያገለግላል።

ይህን ለመሥራት እንግዳ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ የ122 ኢትዮጵያውያንን ጂን አይተው 29 በመቶው አንድን የጉበት ኢንዛይም ከተለመደው በላይ እንዲያመርቱ የሚያደርግ ተጨማሪ የጂን ቅጂ እንዳላቸው አሳዩ፤ ያ ኢንዛይም ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ነው። ቀጥሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ካሮሊንስካ ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም መካከል እያሱ መኮንንና ጌትነት ይመር፣ ኤፋቪረንዝን አጠኑ። ኤፋቪረንዝ ከዶሉቴግራቪር በፊት የብዙ ወገኖቻችን ኪኒን ነበር፤ ቅዠቱንና ራስ ማዞሩን የማያስታውስ የዚያ ዘመን ታካሚ የለም፤ «ከመኝታ በፊት ውሰዱ» የሚባለውም ለዚሁ ነበር። ሲዋይፒ2ቢ6 የተባለው ጂን ዘገምተኛው ዓይነት ያለበት ሰው መድኃኒቱን ቶሎ ስለማያስወግድ በደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ በኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ላይ በተደረገው ጥናትም ይህ ከጉበት ጉዳት ጋር ተያይዞ ታየ። ይህ አለርጂ አይደለም፤ የመጠን መብዛት ነው። ሌላው ግኝት ደግሞ ኢትዮጵያውያንና ታንዛንያውያን እኩል መጠን ወስደው በታንዛንያውያኑ ደም ውስጥ የተገኘው ከፍ ማለቱ ነው።

ታዲያ አገሪቱ ለኤፋቪረንዝ የጂን ምርመራ አስገባች? አላስገባችም። መድኃኒቱ ራሱ በዶሉቴግራቪር ተተካ፤ ጥያቄውም አብሮ ሄደ። በእኔ ግምት እንደ እኛ ላለ አገር ትክክለኛው መንገድ በአብዛኛው ይኸው ነው፦ ሰውን ከመድኃኒቱ ጋር ለማስማማት ከመመርመር ይልቅ ምርመራ የማይፈልግ መድኃኒት መምረጥ። አባካቪር በልጆቹ ዘንድ የቆየው ለጊዜው ለእነሱ የሚሆን የተሻለ ምርጫ ስለጠበበ ነው።

እስከዚያው ከምርመራው ይልቅ ሕይወት የሚያድነው ስለ ማቋረጥና እንደገና ስለ መጀመር ያለን ጥንቃቄ ነው። በእኛ ዘንድ መድኃኒት የሚቋረጥበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ጉዞ፣ ሐዘን ቤት፣ መገለልን መፍራት፣ ጸበል። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናኑ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው ትልቅ እገዛ ነበር፤ ያም ሆኖ ልጃቸውን ይዘው ጸበል ገብተው መድኃኒቱን ቤት የሚተው አሉ። አባካቪርን ቀድሞ ያለ ግልጽ ችግር ይወስድ የነበረ ሰው እንኳ ካቋረጠ በኋላ ሲመለስበት ከባድ አለርጂ ሊነሳበት እንደሚችል ተመዝግቧል። ስለዚህ ከጸበል የተመለሰች እናት የተረፈውን ኪኒን በራሷ አትጀምርለት፤ ልጁን ይዛ ክሊኒክ ትሂድና ነርሷ ባለችበት፣ ቶሎ ሐኪም በሚገኝበት ቦታ ይጀምር። ስታቋርጥ ልጁ ትኩሳት ወይም ሽፍታ እንደነበረውም ሳትደብቅ ትንገር። በተቃራኒው ደግሞ ሽፍታ ያየ ወላጅ ሁሉንም ኪኒን በራሱ ውሳኔ አያቁም፤ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምድ መንገድ ይከፍትለታልና። ኪኒኖቹን ሁሉ፣ ባክትሪሙንም ጨምሮ፣ በላስቲክ ይዞ በዚያው ቀን ይሂድ።

ለካዛንቺስ ሰዎች አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ከሠፈሩ የተነሱ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ዳር አካባቢዎች ተዛውረዋል። ለዓመታት የሚያውቃቸው ክሊኒክ ሲርቅ በዝውውር ወረቀት ወደ አዲስ ጤና ተቋም የሄዱ አሉ። አዲሱ ባለሙያ ልጁን አያውቀውም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው። አባካቪር ተጠርጥሮ የቆመበት ልጅ ከሆነ ወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ቀኑ፣ የታየው ምልክትና አብረው ይወሰዱ የነበሩት መድኃኒቶች በግልጽ መጻፍ አለባቸው፤ «አለርጂ አለበት» ብቻ ማለት አይበቃም። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመድኃኒት ጉዳት የሚመዘገብበት ቢጫ ቅጽ አለው፤ ባለሙያው እንዲሞላው ወላጅ መጠየቅ ይችላል። ልጁ አድጎ፣ ውጭ አገር ሄዶ፣ አባካቪር ያለበት ኪኒን ሲታዘዝለት የጂን ምርመራው ነፃ ቢያወጣው እንኳ ያን ማስታወሻ ያየ ሐኪም መድኃኒቱን አይሰጠውም። ስለዚህ ማስታወሻው እውነተኛ እንዲሆን፣ ሽፍታው ከየትኛው ኪኒን እንደመጣ በዚያች በመጀመሪያዋ ቀን መጣራት አለበት።